ወዳጃና ጨብሲ፦ የአሲስት መጠይቅ በሰሜን ወሎ ጤና ጣቢያ

ስለ ሱስ አስከፊነት የተጻፈው ሞልቷል፤ አልደግመውም። ጠቤ የዓለም ጤና ድርጅት ካዘጋጀው አሲስት ከተባለው መጠይቅ ጋር ነው። ለወልድያ ወይም ለሀብሩ ጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ሲታሰብ ቀድሞ እጅ የሚገባው እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2002 የመጠይቁን አስተማማኝነት ያስታወቀው ቡድን ከአፍሪካ የሞከረው በዚምባብዌ ብቻ ነበር። አልኮል፣ ትምባሆና ኮኬይን የየራሳቸው መስመር አላቸው፤ ጫት ግን በስሙ የተከፈተ መስመር የለውም።

ነጥቡን እንቁጠር። ባለፉት ሦስት ወራት በየሳምንቱ የተጠቀመ ሰው 4 ነጥብ ያገኛል፤ ከአልኮል በስተቀር ከ4 እስከ 26 “መካከለኛ ስጋት” ይባላል። ሐሙስ ሐሙስ ለጸሎት ወዳጃ ተቀምጠው የሚቅሙ፣ ሀራራ የማያውቃቸው፣ ሥራቸው ያልተጓደለባቸው የመርሳ አዛውንት በዚህችው 4 ብቻ ተመካሪ ይሆናሉ። ቅዳሜ ቅሞ ምርቃናውን በአረቄ የሚሰብረው ወጣትስ? ለቀሩት ጥያቄዎች “የለም” ካለ፣ የጫቱ 4፣ የአረቄውም 4 ነው። የአልኮል መካከለኛ ስጋት የሚጀምረው ከ11 ስለሆነ አረቄው “ዝቅተኛ ስጋት” ተብሎ ያልፋል። አዛውንቱና ወጣቱ እኩል ወጡ፤ ጨብሲውም፣ ማለትም የምርቃና መስበሪያው መጠጥ፣ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ሾልኮ ቀረ።

አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት የቡታጅራ ጥናት ከ10,468 ጎልማሶች ግማሹ ቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ቁጥር የማይጠቅስ የጫት ጽሑፍ ማግኘት ይከብዳል። ከቃሚዎቹ በየቀኑ የሚቅሙት 17.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው፣ 80 በመቶ ያህሉም ለጸሎት ሐሳባችንን እንድንሰበስብ ነው ማለታቸው ግን ይዘለላል። እርግጥ ቡታጅራ ወሎ አይደለም፤ የአንዱን ውጤት ለሌላው በጥንቃቄ መውሰድ ይገባል። ወዳጃ ተቀምጦ የሚያውቅ አንባቢ ግን ብዙም አይጠራጠርም።

“ጸሎቱ ሰበብ ነው” የሚሉ አሉ። ይሁን፤ ሰበቡ ከማን ጋር እንደሚቃም፣ ስንት ሰዓት እንደሚያበቃና ምን እንደሚያስከትል ይወስናል፣ ጉዳቱም የሚለየው እዚያ ላይ ነው። መጠይቁ አገርን ከአገር ለማወዳደር ይበጃል የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ለተመራማሪ እንጂ ለተረኛ ነርስ አይጠቅምም። ነርሷ ነጥብ ከመደመሯ በፊት “ከቃሙ በኋላ ምን ይጠጣሉ? ዱካክ ያስቸግርዎታል?” ብትል፣ “ሻይ” ያላትን ሸኝታ “አረቄ” ያላትን ቁጭ አድርጋ ታነጋግረዋለች።