ጥንዚዛይቱና የካሊፎርንያ ብርቱካን

ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ከአውስትራልያ ወደ ካሊፎርንያ የገባው በ1868 ገደማ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ነው። የብርቱካኑን ዛፍ ወዝ እየመጠጠ ስላደረቀው፥ መርዝ መርጨት ያልረዳቸው ገበሬዎች ዛፋቸውን ነቅለው እስከ ማቃጠል ደረሱ። በ1888 ቻርልስ ራይሊ የተባለው የነፍሳት ሊቅ የተባዩን ጠላት ከትውልድ አገሩ እንዲፈልግ አልበርት ኮይበሌን ላከው። ምክር ቤቱ ለነፍሳት ሊቃውንት የውጭ አገር ጉዞ ከልክሎ ስለ ነበር፥ ወጪው የተገኘው ለሜልቦርን ኤግዚቢሽን ከተመደበው ገንዘብ ነው፤ ብልኃቱን እናደንቃለን። የላካቸው 129 ቀይና ጥቁር ጥንዚዛዎች በሎስ አንጀለስ ድንኳን በተከለለት ዛፍ ላይ ተራብተው፥ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተባዩን አደከሙት።

ታሪኩን የሚያወሱ ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ እኛን ግን የሚያሳስበን ቀጥሎ የሆነው ነው። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲ.ዲ.ቲ. በተረጨበት አትክልት ጥንዚዛይቱ አለቀች፤ ተባዩም ተመልሶ መጣ።