ከስልቻ እስከ ጎማ ጀልባ፦ ዓባይን ያሻገረው አየር

ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ቁልቁል የወረደ ሰው ዓባይ በረሃ ይገባል። ማዶው ጎጃም ነው። ድልድይ ሳይኖር ነጋዴው በምን ይሻገር ነበር? በስልቻ! የፍየል ቆዳውን ነፍቶ፣ አፉን ጥብቅ አድርጎ አስሮ፣ ደረቱን አስደግፎ ይዋኛል።

እስኪ እናስላው። የአንድ ቢጫ ጀሪካን ያህል፣ ማለትም 20 ሊትር አየር የያዘ ስልቻ ሙሉ በሙሉ ሲሰምጥ ውሃው ወደ 200 ኒውተን በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል። አይኤስኦ 12402 የሚባለው የዛሬው ዓለም አቀፍ መስፈርት ደግሞ ዋና ለሚችል ሰው 50 ኒውተን፣ ባሕር ላይ ለሚለበስ ላይፍ ጃኬት 150 ኒውተን ይላል። ስልቻው በኃይል አያንስም እኮ! ጉድለቱ ሌላ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ከእጁ ያመልጠዋል፤ ባለ 150ው ጃኬት ግን ከሰውነት ጋር ታስሮ ፊቱን ወደ ሰማይ እንዲያዞር ተደርጎ ይሠራል። ስልቻ ባለ አንድ ክፍል ስለሆነም አንዲት እሾህ ትበቃዋለች።

በ1903 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ማክሚላን ዓባይን በብረት ጀልባዎች ሊወርድ ሞከረ፤ ብዙም ሳይርቅ ተሰባበሩበት። በ1968 የመጣው የብሪታኒያዊው ብላሽፎርድ ስኔል ቡድን ግን ኃይለኛ ፍሰት ላለበት ለላይኛው ሸለቆ የሚነፉ የጎማ ጀልባዎችን መረጠ። ጎማ ድንጋይ ሲመታው ይጎብጥና ይነጥራል፤ ውስጡም በክፍል በክፍል ስለተለየ አንዱ ቢቀደድ ሌላው ያንሳፍፋል። ለእኔ ይሄ የስልቻ ልጅ ነው። ያም ሆኖ ከቡድኑ አንድ ወታደር ሰጥሞ ሞተ፤ ያውም ጀልባ ላይ ሳይሆን ገባር ወንዝ ሲሻገር።