ድሬዳዋ እንዴት እንደ ተቈረቈረችና ቤቷን ማን እንደ ሠራው የሚናገር ዜና

በ1886 ዓመተ ምሕረት በዘመነ ማርቆስ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ምኒልክ የምድር ባቡር ሐዲድ ከባሕር ጠረፍ ወደ መሐል አገር እንዲዘረጋ ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሙሴ ኢልግም ከፈረንሳዊው ከሙሴ ሸፍኔ ጋራ ሆነው ኩባንያ አቆሙ፤ በ1890 ዓ.ም. ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ። የኢሳ ሶማሌዎች በግጦሽ ምድራቸው ላይ ብረት ሲዘረጋ ባዩ ጊዜ ተቃወሙ፤ ከሁለቱም ወገን ደም ፈሰሰ። ዐረቡ፥ ሶማሌው፥ ግሪኩ፥ ጣሊያኑና የአገሩ ሰው በአንድነት አፈር እየቈፈሩ፥ ድንጋይ እየፈለጡ በዚያ ሐሩር ውስጥ አምስት ዓመት ደከሙ።

የመጀመሪያው አሳብ ባቡሩ ሐረር ከተማ እንዲገባ ነበር። ነገር ግን ሐረር ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተራራ ላይ ተቀምጣለች፤ ከተራራው ግርጌ ያለው ሜዳ ግን 1,200 ሜትር ያህል ነው። ያን ዳገት ባቡር እንዲወጣ የሚፈጀው ገንዘብ ኩባንያውን ስላስፈራው መስመሩ በግርጌው እንዲያልፍ ተቈረጠ። እንዲህም ሆኖ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፥ የኢሳ፥ የጉርጉራና የኖሌ ጎሳ ከብቱን ከሚያሰማራበት ሜዳ ላይ፥ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባቡር እያፏጨ ደረሰ። ስፍራውም አስቀድሞ አዲስ ሐረር፥ በኋላም ድሬዳዋ ተባለ። የሐረርጌው ገዥ ልዑል ራስ መኰንን ነበሩ፤ የአዲሲቱ ከተማ የመጀመሪያ ሹም ግን አስቀድሞ ጅልዴሳን ይገዙ የነበሩት አቶ መርሻ ናሁ ሰናይ ሆኑ። ጅልዴሳ የሲራራ ነጋዴ ግመሉን የሚያራግፍባት፥ ቀረጥ የሚከፍልባት የቆየች በር ነበረች። ባቡሩ ከመጣ ወዲህ ንግዷ ሁሉ ወደ ድሬዳዋ ፈለሰ፤ አንዲት ከተማ ስትወለድ ሌላይቱ ደኸየች።

በዚያም ወራት አፄ ምኒልክ በኩባንያው ላይ ተቈጥተው ነበር፤ ኩባንያው ሳያስፈቅዳቸው ከፈረንሳይ መንግሥት ጋራ ውል ተዋውሎ ነበርና። ስለዚህ ለምረቃው አልወረዱም፤ ሐዲዱም ከድሬዳዋ ወዲህ እንዳይቀጥል ሆነ። ኩባንያው ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. ለአዲስ ኩባንያ አዲስ ፈቃድ እስኪሰጥ ድረስ የኢትዮጵያ ባቡር መጨረሻው ድሬዳዋ ነበረ። ይህን መዘግየት ብዙዎች የባቡሩ ውድቀት አድርገው ጽፈውታል፤ እኔ ግን የከተማይቱ ዕድል አድርጌ እጽፈዋለሁ። ባቡሩ በዚያው ዓመት ወደ አዋሽ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ድሬዳዋ ውሃ ተቀድቶ የሚታለፍባት ጣቢያ ሆና በቀረች ነበር። ሐዲዱ ስለ ቆመ ግን ዕቃ ሁሉ እዚያ ይራገፋል፤ ከዚያ ወደ ሸዋ በበቅሎና በግመል ይጫናል። ቡናውና ቆዳው ባቡር እስኪመጣ፥ አቡጀዲውና ጨርቁ ግመል እስኪገኝ መጋዘን ይሻል። መጋዘን የሠራ ቤት ይሠራል፤ ቤት የሠራ ሰውም ሚስቱንና ልጆቹን ያስመጣል።

አሁን የቤቱን ነገር እንናገር። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ከተማይቱን ለሁለት ይከፍላታል። በጣቢያው በኩል ያለው ከዚራ ነው። ከዚራን የባቡሩ ኩባንያ መሐንዲሶች አስቀድመው በወረቀት ነድፈው፥ ገመድ ዘርግተው፥ ችካል ተክለው ሠሩት። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ከጣቢያው አደባባይ ወጥቶ ይዘረጋል፤ በግራና በቀኝ ዛፍ ተተከለ። ከነዚያም ዛፎች አንዱ በክረምቱ መግቢያ ቀይ አበባ ለብሶ የሚታየው ነው፤ ዛሬ አዲስ አበባም ቢበቅል ሰው የድሬዳዋ ዛፍ እያለ ይጠራዋል። የከዚራ ቤት ግንቡ የድንጋይ፥ ውፍረቱ ክንድ የሚያህል፥ ጣሪያው በባቡር የመጣ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ በዚያ ፀሐይ ሲግል ሰው የሚያበስል ስለሆነ ኮርኒሱን ከፍ አድርገው ሰቀሉት፤ በዙሪያው በረንዳ አዞሩ፤ መስኮቱንም ነፋስ እንዲያስገባ፥ ፀሐይ እንዳያስገባ በሰያፍ በተደረደረ እንጨት ዘጉት። ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያ መስኮት ተዘግቶ ይውላል፤ ሱቁም፥ መሥሪያ ቤቱም አብሮት ይዘጋል።

ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ነው። መጋላን ማንም አልነደፈውም። ሠራተኛው፥ ተሸካሚው፥ ባለ ግመሉ፥ ጠጅ ሻጯ፥ ልብስ ሰፊው በመጡበት ቅደም ተከተል ሠፈሩበት። አንዱ ግድግዳ የሌላው ግድግዳ ሆነ፤ መንገዱም በግድግዳና በግድግዳ መካከል የተረፈው ቦታ ሆነ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግቢው ግን ሰፊ ነው፥ ምክንያቱም በድሬዳዋ ሌሊት በቤት ውስጥ አይተኛም ነበር። ማታ አልጋው ይወጣል፤ አራትና አምስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ ጐን ለጐን ያድር ነበር። ኦሮሞው፥ ሶማሌው፥ አደሬው፥ አማራው፥ ጉራጌው፥ ዐረቡ የአንዱን ቋንቋ አንዱ የለመደው በዚህ ግቢ ነው እንጂ በትምህርት ቤት አይደለም። ቀፊራ የሚባለው ገበያ በዚሁ ማዶ ቆመ። ስለ ከዚራ መንገድ ማማር ብዙ ተጽፏል፤ መጋላን ግን የጻፉት ጥቂቶች ናቸው። እኔ ሁለቱንም እኩል ከተማ እላቸዋለሁ፤ መሐንዲስ ያልነደፈው ከተማም ሰው አስቦ የሠራው ነውና።

የሁለቱም ወገን አሸዋ ከደቻቱ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ ሰው አቋርጦት ይገበያያል፤ አሸዋውም በአህያና በግመል እየተጫነ ወደ ግንባታው ይሄዳል። ነገር ግን በደጋው ዝናብ ሲጥል ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ድንገት ይሞላል። የሰጠውንም መልሶ ይወስዳል። በኋላ ዘመን በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ሌሊት መጥቶ ከ250 የሚበልጥ ነፍስ አጠፋ፤ ከዳር የነበሩትንም ቤቶች ጠራርጎ ወሰደ። የሞቱት አብዛኞቹ በዳርቻው የሠፈሩ ድኾች ነበሩ። ለድኻ የተረፈው ቦታ ወንዙ ዳር ስለ ነበር ነው። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልሁም።

ወደ ቀደመው ነገር እንመለስ። በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ጠቅላላ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ድሬዳዋ ግን አልተጐዳችም። የሎኮሞቲቩ መጠገኛ ጋራዥ እዚያ ነበር፤ በዚያ ዘመንም ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ ከጅቡቲ የመጣ መንገደኛ ሁሉ በድሬዳዋ ያድር ነበር። መስፍንም ቢሆን፥ ነጋዴም ቢሆን አልጋ ይሻል። ስለዚህ ሆቴል ተሠራ፤ በጋራዡም የአገሩ ልጅ ብረት ማቅለጥና መበየድ፥ እንጨት መላግ ተማረ። ቀን ለኩባንያው የሠራ እጅ ማታ ለጎረቤቱ በርና መስኮት ይሠራ ነበር። ግሪኩና አርመኑ፥ ሕንዱና የመኑ ዐረብም ገንዘቡን ከሱቅ ወደ ግንብ አዞረ፤ እንደ መሐመድ አሊ ያሉ የሕንድ ነጋዴዎች ስም በሐረርጌ ሁሉ ታወቀ።

በ1928 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ በሚያዝያ ወር መጨረሻ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ድሬዳዋን አልፈው ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ግንቦት 1 ቀን ወራሪው የጣሊያን ጦር ከተማይቱን ያዘ። ጣሊያን በድሬዳዋ ብዙ ሠራ፤ ሐሰት አልጽፍም። የአውሮፕላን ማረፊያ አደረገ፤ የመኪና መንገድ ሠራ፤ በአገራችን የመጀመሪያ የሆነውንም የሲሚንቶ ፋብሪካ ተከለ። ነገር ግን የሠራው ለራሱ ነበር። ነጩና ጥቁሩ በአንድ ሠፈር እንዳይኖር በሕግ ከለከለ፤ መንገዱን የሠራውም እጅ በዚያው መንገድ ዳር ቤት እንዳይሠራ ተከለከለ። መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ የእንግሊዝ ጦር ገባ፤ ጣሊያንም ሸሸ።

ነጻነት ግን ወዲያው አልመጣም። እንግሊዝ ድሬዳዋንና የሐዲዱን መስመር በራሱ አስተዳደር ሥር አቆየ። ታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ከተማይቱ ከነባቡሯ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። በዚያው ዓመት የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ቤት የሚሠራ ሰው ፈቃድ የሚጠይቀው፥ ግብርም የሚከፍለው ለአገሩ ማዘጋጃ ቤት ሆነ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሃያና ሠላሳ ዓመት የድሬዳዋ የግንባታ ዘመን ነው። ሲሚንቶው በደጃቸው ነበር፤ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ብዙ ሠራተኛ ሰበሰበ፤ የሐረርጌ ቡና በባቡር ይወርድ፥ ጫቱም በአውሮፕላን ወደ ኤደን ይበር ነበር። የጫትና የቡና ገንዘብም ግንብ ሆነ። ባንክ ለትንሽ ሰው የማያበድር ስለ ነበር ቁብ ያበድር ነበር፤ ዕጣ የደረሳት ሴት ቆርቆሮ ትገዛለች፤ በሚቀጥለው ዕጣ ግድግዳውን ታስለስናለች። አንድ ክፍል ራሷ ትኖርበታለች፤ ሁለቱን ለፋብሪካ ሠራተኛ ታከራያለች። ሀብታሙ ነጋዴ በከዚራ አሥርና ሃያ ቤት ሲያከራይ፥ በመጋላ ደግሞ መበለቲቱ ሁለት ክፍል አከራይታ ልጆቿን ታስተምር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 390 የውጭ አገር ሰው ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ደነገገ። ይህ ሕግ የውጭ ዜጋ በበዛባት በድሬዳዋ ብዙ ቤት የሚያንኳኳ ነገር ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጀ። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ያለው ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰ። ለመኖሪያ የሚፈቀደው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ታዘዘ። ኪራይ ተቀነሰ፤ ዝቅተኛ ኪራይ ለሚከፍለው ቅነሳው እስከ ግማሽ ደረሰ። ተከራዩ ደስ አለው፤ ደስታውም ፍትሓዊ ነበር፥ በከዚራ አሥር ቤት የያዘ ሰው ብዙ ዘመን እንደ ልቡ ሲያስከፍል ኖሯልና። ነገር ግን አዋጁ አሥር ቤት ያለውን ሀብታምና በቁብ ገንዘብ ሁለት ክፍል የሠራችውን መበለት አልለየም፤ ይህ በደል ነበር ብዬ እጽፋለሁ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆነው ለመንግሥት የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ገባ። ከውጭ አገር ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ጅቡቲ፥ ወደ የመንና ወደ ግሪክ ሄዱ። የአገሩ ሰው ግን በተረፈለት በአንዱ ቤት ቀረ፤ የቀድሞ ተከራዩም በአጥር ማዶ ጎረቤቱ ሆነ። ቀበሌውም ሊቀ መንበሩን ሲመርጥ ተከራዩ ድምፁን ሰጠ፤ ትርፍ ቤት የተወረሰበት ግን እስከ አንድ ዓመት እንዳይመርጥና እንዳይመረጥ አዋጁ ከልክሎት ነበር።