ማሌርኮትላ፤ የአንዲት ትንሽ የፑንጃብ ከተማ ታሪክ

ፑንጃብ የሚለው ስም ለኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1868 ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ይዞት በመጣው ሠራዊት ውስጥ የፑንጃብ ወታደሮች ነበሩበትና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ በፋርስ ቋንቋ አምስት ውኃ ማለት ሲሆን፥ አገሩን ከሚያጠጡት አምስት ወንዞች የተወሰደ ነው። ከዚህ ሰፊ አገር ውስጥ ግን እኔ ልጽፍ የወደድሁት በካርታ ላይ ፈልጎ ለማግኘት እንኳ ትዕግሥት ስለምትጠይቅ ስለ አንዲት ከተማ ነው።

ማሌርኮትላ በሕንድ፥ ከሉዲያና ከተማ በስተደቡብ ትገኛለች። ታሪኳ የሚጀምረው በ1454 ገደማ ሼኽ ሰድሩዲን የተባሉ፥ ሕዝቡ ሐይደር ሼኽ እያለ የሚጠራቸው፥ አንድ አፍጋናዊ መንፈሳዊ ሰው በሥፍራው በሰፈሩ ጊዜ ነው። የዴልሂው ሱልጣን ባህሉል ሎዲ ልጁን ድሮ መሬትም እንደ ሰጣቸው ይተረካል። ሰፈራቸው ማሌር ተባለ። በ1657 ደግሞ ከዘራቸው የተወለደው ባያዚድ ኻን ኮትላን በአጠገቡ ቆረቆረና ሁለቱ አንድ ከተማ ሆኑ። የሐይደር ሼኽ መቃብር ዛሬም አለ። የሚያስደንቀው ግን፥ ሼኹ ሙስሊም ሆነው ሳለ፥ ለስለት ከሚመጡት ሰዎች የሚበዙት ሲኮችና ሂንዱዎች መሆናቸው ነው።

የከተማይቱን ስም ከሁሉ በላይ ያስጠራው በ1705 ገደማ የሆነው ነገር ነው። በዚያን ዘመን የሲኮች ዐሥረኛው ጉሩ፥ ጎቢንድ ሲንግ፥ ከሞጉሎች መንግሥት ጋራ ይዋጉ ነበር። ከአናንድፑር ሲወጡ ከእናታቸውና ከሁለቱ ታናናሽ ልጆቻቸው ተለያዩ፤ ልጆቹም ተይዘው ወደ ሲርሂንድ ተወሰዱ። የታላቁ ዕድሜ ከዘጠኝ ዓመት አይበልጥም ነበር። የሲርሂንድ ገዥ ዋዚር ኻን ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ጠይቆ እንቢ ቢሉት፥ ከነሕይወታቸው በግንብ እንዲደፈኑ ፈረደ። በጉባኤው የተቀመጠው የማሌርኮትላ ገዥ ሼር ሙሐመድ ኻን ራሱ የጉሩ ጠላት ነበረ፤ ወንድሙም ከጉሩ ጦር ጋራ ሲዋጋ እንደ ሞተ ይነገራል። ቢሆንም ተነሥቶ ተቃወመ፤ በቀል በጦር ሜዳ ከአባታቸው ጋራ እንጂ ከሕፃናት ጋራ አይደለም በማለት ተከራከረ። ሰሚ አላገኘም፤ ልጆቹም ተገደሉ። ጉሩ ግን ይህን በሰሙ ጊዜ ማሌርኮትላን እንደ መረቁ ሲኮች ከትውልድ ወደ ትውልድ ያወራሉ። ለዚያ ተቃውሞ መታሰቢያ የሚሆን ሃ ዳ ናራ ሳሂብ የሚባል የሲኮች ቤተ ጸሎት በከተማይቱ ይገኛል።

ብዙ ሰዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ይወዳሉ፤ ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ሼር ሙሐመድ ኻን በ1710 በቻፓር ቺሪ ጦርነት ከዚያው ከዋዚር ኻን ጎን ተሰልፎ ሲኮችን ሲወጋ ሞተ። በ1762 አሕመድ ሻህ አብዳሊ ከከተማይቱ አጠገብ በኩፕ መንደር ብዙ ሺሕ ሲኮችን፥ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፥ ባስፈጀ ጊዜ የማሌርኮትላ ገዥ ረዳቱ ነበረ። በጥር 1872ም የላም መታረድን የሚቃወሙ ናምዳሪ የተባሉ ሲኮች ከተማይቱን አጠቁ፤ የእንግሊዝ ሹማምንትም 66ቱን በመድፍ አፍ ላይ እያሰሩ ገደሏቸው። ከእነዚህ 49ኙን ያለ ፍርድ ያስገደለው ካወን የተባለው ሹም ከሥራው ተሰናበተ። በ1935 ደግሞ የአንዱ ጸሎት የሌላውን አወከ ተብሎ በሂንዱዎችና በሙስሊሞች መካከል ጠብ ተነሣ። እንግዲህ ምርቃቱ ከተማይቱን ከጠብ ሁሉ አልጠበቃትም።

ታዲያ በ1947 የሆነው ምንድን ነው? ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ፑንጃብ ለሁለት ተከፈለች። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ተነሣ፤ ስደተኛ ጭኖ የተነሣ ባቡር ሬሳ ይዞ ከጣቢያ የደረሰበት ጊዜ ነበር። በምሥራቅ ፑንጃብ የነበሩት ሙስሊሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወይ ተገደሉ ወይ ተሰደዱ። ማሌርኮትላ ግን ሰላም ሆና ቆየች፤ ከየገጠሩ የሸሹ ሙስሊሞችም መጠጊያ አደረጓት። ታጣቂዎች ከግዛቲቱ ወሰን ሲደርሱ ይመለሱ ነበር ይባላል። የጉሩ ምርቃት ነው የሚሉ አሉ፤ የገዥው ወታደሮች ጸጥታውን ስለ ጠበቁ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱንም አምናለሁ። ወታደር መንገድ ይዘጋል፤ ነገር ግን ዙሪያውን ያለው ሕዝብ ሁሉ በቁጣ በነደደበት ወራት ያችን ትንሽ ግዛት ለማዳን ጥቂት ወታደር ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም። ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በፊት አንድ ጠላት ስለ ሁለት ሕፃናት የተናገረው ቃል በሰዎች ልብ ባይቀመጥ ኖሮ፥ ከወሰኑ ላይ የሚመለስ ብዙ ሰው አይገኝም ነበር።

ግዛቲቱ በ1948 ከሕንድ ጋራ ተዋሐደች፤ በ2021 ማሌርኮትላ የፑንጃብ 23ኛ አውራጃ ተባለች። የመጨረሻው ናዋብ ኢፍቲኻር ዓሊ ኻን በ1982፥ ባለቤታቸው ቤጉም ሙናዋር ኡል ኒሳ በ2023 አረፉ። ይኖሩበት የነበረው ሙባረክ መንዚል የተባለው ቤተ መንግሥት በእርጅና ተጎድቷል። የሐይደር ሼኽ መቃብር ግን በተለይ ሐሙስ ሐሙስ ጎብኚ አጥቶ አያውቅም።