አክታ ከአንጎል ይወርድ በነበረበት ዘመን

በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሮም ነገሥታት ሐኪም ጌለን፣ ንፍጥና አክታ የአንጎል እድፍ እንደሆኑ ያስተምር ነበር። እድፉ ከራስ ቅል ግርጌ ባለው ወንፊት መሰል አጥንት አልፎ ወደ አፍንጫና ጉሮሮ ይወርዳል ይል ነበር። ዛሬ ቢያስቅም፣ ሐኪሞች ለ1,400 ዓመታት ያህል ይህንኑ አምነው አክመዋል።

ትምህርቱን የናደው የዊተንበርጉ ፕሮፌሰር ኮንራድ ቪክቶር ሽናይደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ ባሳተማቸው ጥራዞች፣ በአጥንቱ ቀዳዳዎች በኩል ከአንጎል የሚወርድ ፈሳሽ እንደሌለ፣ ንፍጥ የሚመነጨውም ከራሱ ከአፍንጫ የውስጥ ሽፋን እንደሆነ አስረዳ።

ከየት እንደሚመጣ ታወቀ። ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ግን ገና ብዙ ዘመን ቀርቶ ነበር።

የጤነኛ ሰው አክታ አብዛኛው ውሃ ነው። የሚያዝለገልገው ሙሲን የተባለ ፕሮቲን ሲሆን፣ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው በላዩ የተንጠለጠለው ስኳር ነው። ሙሲን በሴሎች ውስጥ ተጠቅጥቆ ይቀመጣል፤ ሲወጣ ግን እንደራሰ ተልባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ረጃጅም ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው የድኝ ትስስር ነው። በ1960ዎቹ አሴቲልሲስቲን የተባለው መድኃኒት ይህን ትስስር እንዲበጥስ ታስቦ ለሕክምና ዋለ።

ተስፋው ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ላይ ሲደርስ ደበዘዘ። ይህን በዘር የሚወረስ በሽታ በ1938 ኒው ዮርክ ውስጥ ለይታ የገለጸችው ዶክተር ዶሮቲ አንደርሰን ናት። በበሽተኞቹ ሳንባ ውስጥ አክታውን ከሚያወፍሩት ነገሮች ዋነኛው ሙሲን ሳይሆን፣ ከሞቱ ነጭ የደም ሴሎች የፈሰሰ ዲኤንኤ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በ1993 ዲኤንኤን የሚቆራርጥ ኢንዛይም በአሜሪካ ተፈቀደ።

የበሽታው ዘረ መል የተገኘው ደግሞ በ1989 ነው። ዘረ መሉ ሲበላሽ ጨው በሴሉ ሽፋን በወጉ አያልፍም፤ ውሃም ጨውን ስለሚከተል የአየር ቧንቧው ይደርቃል፣ አክታውም ይጣበቃል።

የታሪኩን ደስ የሚል ክፍል የጨመሩት ላቦራቶሪዎች አይደሉም። በአውስትራሊያ ባሕር ላይ በማዕበል የሚንሸራተቱ በሽተኞች ከሌሎቹ ይልቅ አተነፋፈሳቸው እንደሚሻል ሐኪሞች አስተዋሉ። የጨው ውሃ መሳብ ይረዳ እንደሆነም በ164 ሰዎች ላይ ለ48 ሳምንታት ተፈተነ። ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ በቀን ሁለቴ የሚስቡት ውሃ 7 በመቶ ጨው ነበረበት፤ ይህም ከባሕር ውሃ እጥፍ ያህል ነው። በ2006 በታተመው ውጤት መሠረት፣ የእነዚህ ታካሚዎች የሳንባ ሕመም የሚያገረሽበት ብዛት ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

በ2019 አሜሪካ የፈቀደችው የሦስት መድኃኒቶች ቅንብር፣ የተበላሸውን የጨው በር ራሱን ይጠግናል። በወጣበት ጊዜ የዓመት ዋጋው ከ300,000 ዶላር በላይ ተተምኗል። ይህን መክፈል ለማይችል በሽተኛ የጨው ውሃው አሁንም ጠቃሚ ሕክምና ነው።