በኪራይ ቤት የበቀለ ስቱዲዮ

በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በገዛ ቋንቋችን ማሰራጨት የጀመርነው በስልክ ዘመን አይደለም። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ከዚሁ ከተማ ተጀመረ፤ ኢቢኤስ በ2008 ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ተቋቋመ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ኢሳት በአምስተርዳም፣ በለንደንና በዋሽንግተን ስቱዲዮ ይዞ በሳተላይት ብቅ አለ። እነዚህ ሁሉ ቢሮ፣ ባለሙያና በጀት ነበራቸው። ከእነሱ ወዲህ የመጣው ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነው፦ በቤዝመንት ውስጥ ቃለ መጠይቅ የሚቀርጽ፣ ከሥራ መልስ የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚያስረዳ፣ እዚህ ለተወለዱ ልጆች ፊደል የሚያስቆጥር፣ የዶሮ ወጥ አሠራር የሚያሳይ። በ2020 ወረርሽኙ ሰው እንዳይሰበሰብ ሲከለክል ስብከቱም፣ መዝሙሩም፣ የማኅበር ስብሰባውም ወደ ስልክ ካሜራ ዞረ፤ ብዙዎችም በዚያው ቀጠሉበት። ስለ ካሜራውና ስለ ማይክሮፎኑ በየቦታው ይወራል። እኔ የማነሳው ከተናጋሪው ጀርባ ያለውን ነው። የሚነሳ፣ የሚታጠፍና መልኩን የሚቀያይር ባክግራውንድ እዚህ አገር በኪራይ ቤታችን ውስጥ ሥር ሰዷል፤ ብዙ ሰው የሚያየው ግን ስቱዲዮ መከራየት ላልቻለ እንደተተወ ማካካሻ ነው። አቅም ያለውም ሰው ቢሆን ሊመርጠው የሚገባ አሠራር መሆኑን ማሳየት እፈልጋለሁ።

መነሻው የኪራይ ውሉ ነው። በአብዛኛው የአፓርታማ ውል ግድግዳ መብሳትና ቀለም መቀባት በፈቃድ ካልሆነ አይቻልም፤ ተከራይ ሲለቅ የተበሳው ሁሉ ከዲፖዚቱ ላይ ይቆረጣል። ክፍሉም ለአንድ ሥራ የተተወ አይደለም። ቅዳሜ እንግዳ የተቀመጠበት ቦታ እሑድ ልጆች የሚማሩበት፣ ማታ ዘመድ የሚያድርበት ነው። ስለዚህ በምስማር የሚመታ ነገር ገና ከመጀመሪያው አልተቻለም፤ የተቻለው በራሱ የሚቆም ነው። ሁለት ስታንድና አንድ አግዳሚ ዘንግ፣ ወይም ከወለል እስከ ጣሪያ ተወጥሮ የሚቆም ምሰሶ፣ ወይም ከፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ተቆርጦ የተገጣጠመ ማዕቀፍ። በዚህ ላይ ጨርቅ ወይም የፎቶግራፍ ቤት ጥቅል ወረቀት ይሰቀላል። ጥቅሉ በብዛት የሚሸጠው በሁለት ወርድ ነው፤ 1.35 ሜትሩ ለአንድ ተቀማጭ፣ 2.72 ሜትሩ ለሁለት ሰው ይበቃል። ለቲክቶክ ስልኩን አቁሞ የሚቀርጽ ሰው ወርድ ሳይሆን ቁመት ስለሚያስፈልገው ጠባቡን ገዝቶ ከፍ አድርጎ ቢሰቅለው ይሻለዋል። ከሁሉ የምወደው ግን ሁለት የፎም ሰሌዳዎችን በጎናቸው በሰፊ የጨርቅ ፕላስተር አያይዞ እንደ መጽሐፍ የሚከፈት አድርጎ ማቆም ነው። እያንዳንዱ ሰሌዳ 1.2 በ2.4 ሜትር ያህል ነው፤ ቀላል ነው፤ አንዱ ፊት ግራጫ፣ ሌላው ነጭ ይቀባል። ዛሬ ባክግራውንድ የነበረው ነገ ነጭ ፊቱ ወደ ተናጋሪው ዞሮ የመብራት መላሽ ይሆናል። በትንሽ መኪና አልገባ ካለ መሐሉን ቆርጦ በፕላስተር መልሶ ማያያዝ ነው።

ግራጫ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የመብራት ኃይል የሚቀንሰው በርቀቱ ስኩዌር ልክ ነው፤ መብራቱ ከፊት 1 ሜትር፣ ከጨርቁ 3 ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ጨርቁ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ፊት ላይ ከሚያርፈው አንድ ዘጠነኛው ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ መካከለኛው ግራጫ ወደ ጥቁር ይጠጋል። ለብቻው ትንሽ መብራት ሲበራበት ወደ ነጭነት ይሄዳል፤ በመብራቱ ላይ ባለቀለም ወረቀት ሲሸፈን ሰማያዊ ወይም ብርቱካናማ ይሆናል። አንድ ጨርቅ ሳይነካ የአራት ክፍል መልክ ይሰጣል ማለት ነው። የእኛን ፊትና ልብስ ደግሞ አስቡት። ጠይም ሰው ነጭ ግድግዳ ፊት ሲቀመጥ የስልኩ ካሜራ ነጩን ለማመጣጠን ብሎ ምስሉን ያጠቁራል፤ የሚጎዳው ፊቱ ነው። ጥቁር መጋረጃ ፊት ሲቀመጥ ደግሞ ከኋላ መብራት ካልተጨመረ ፀጉርና ትከሻው ከመጋረጃው ጋር ይዋሃዳል። ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት በነጭ ግድግዳ ላይ ቅርጿ ይጠፋል። መካከለኛው ግራጫ ሁሉንም ይችላል፤ ፊትም ይለያል፣ ነጠላም ይለያል። የመጀመሪያው ገንዘብ ለጨርቁ ውበት ሳይሆን ለመብራትና ለርቀት መዋል አለበት የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ስል የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ ግሪን ስክሪን ነው። አንድ አረንጓዴ ጨርቅ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ላሊበላም፣ የአዲስ አበባ ሌሊትም፣ የዜና ስቱዲዮም በኤዲቲንግ ይገባል፤ ከዚህ የሚረክስ ምን አለ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቴክኒኩም ጠንካራ መሠረት አለው። በኮዳክ ይሠራ የነበረው ብራይስ ባየር በ1976 ፓተንት ባገኘበትና ዛሬም በአብዛኛው ዲጂታል ካሜራ ውስጥ ባለው አሠራር፣ የሴንሰሩ ነጥቦች ግማሹ ለአረንጓዴ፣ ሩብ ሩቡ ለቀይና ለሰማያዊ ናቸው። ካሜራው አረንጓዴን ከሌላው በተሻለ ጥራት ያነብባል። የሰው ቆዳም ከአረንጓዴ የራቀ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ጨርቁ ያለ ጥላ፣ ያለ ሽብሽብ፣ ዳር እስከ ዳር እኩል ሲበራ ነው፤ ለዚያም ከተናጋሪው መብራት ሌላ ቢያንስ ሁለት መብራት ያስፈልጋል። ተናጋሪውም አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ያህል ወደ ፊት ካልራቀ አረንጓዴው ነጸብራቅ ይመለስበታል። ነጸብራቁ ይበልጥ የሚያበላሸው ደግሞ ነጭ ልብስን ነው፤ ነጭ ሸማ የተቀበለውን ቀለም ሁሉ ይመልሳልና። በጥለቱ ላይ አረንጓዴ ካለ፣ ወይም አንገት ላይ የሰንደቅ ዓላማ ሻርፕ ከተደረገ፣ ያ ክፍል ከጨርቁ ጋር አብሮ ይቆረጣል። የነጠላው ቀጫጭን ዘርፍና የተበተነ ጥቅጥቅ ፀጉር ዳሩ ይበላል። ስልኩ ያለ ጨርቅ ባክግራውንድ ቆርጦ የሚቀይርበት አዲሱ ዘዴም ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚሁ ቦታ ላይ ነው።

ግራጫውም እኮ ርቀት ይፈልጋል የሚለኝ አንባቢ ልክ ነው። ልዩነቱ ቦታ ሲጠብ የሚሆነው ነገር ላይ ነው። ክፍሉ አጭር ከሆነ ግራጫው ትንሽ ፈካ ይላል እንጂ ቪዲዮው አይበላሽም፤ አረንጓዴው ግን ሥራውን ጨርሶ አይሠራም። ከዚያ ላይ ሳምንት ሙሉ ሲሠራ የዋለ ሰው እሑድ ማታ ዳር እየለቀመ ሲያጸዳ የሚያጠፋው ሰዓት ዋጋ አለው፤ ጨርቁ በርካሽ መሸጡ ብቻ በጀቱን ቀላል አያደርገውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፦ በየጊዜው የሚቀያየር ጀርባ ተመልካች የሚለየው መልክ አይኖረውም፤ ዝግጅትም እንደ ቤት ሁሉ ቋሚ ነገር ያስፈልገዋል ይባላል። ለዚህ መልሱ አፍሪካ ውስጥ አለ። ሴዱ ኬይታ በ1948 ባማኮ ላይ የከፈተው ፎቶ ቤት መጀመሪያ ባክግራውንዱ የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ጨርቁን ይለውጥ ነበር፤ በኋላም ፎቶዎቹ በየትኛው ዘመን እንደተነሱ ለመለየት የረዳው ያ ለውጥ ሆኗል። ጨርቁ ተለዋወጠ እንጂ የኬይታ ሥራ የኬይታ መሆኑን ማንም አይስትም፤ ብርሃኑ፣ አቀማመጡና ሰውን የሚያከብርበት አነሳስ አልተለወጠምና። እኛም አንድ ነገር ይዘን ሌላውን መልቀቅ እንችላለን፦ የመብራቱን አቅጣጫ፣ የተቀማጩን ቦታ ወይም አንድ ቀለም ቋሚ አድርጎ፣ የሚደረደረውን እንደ ርእሱ መለወጥ።

የሚደረደረውን ነገር በተመለከተ ግን ዝም ማለት አልችልም። ስለ ቤት ብድር ወለድ የሚያስረዳ ሰው ጀርባ ላይ ጀበና፣ መሶብና አገልግል ምን ይሠራሉ? አገራችንን ለማስታወስ ነው ይባላል፤ ፍቅሩ ይገባኛል። ሆኖም በሁሉም ቪዲዮ ላይ የተቀመጠ ጀበና ስለ ምንም ነገር የማይናገር ጌጥ ይሆናል፤ ስለ ቡና ሲነገር ግን ጀበናው ሥራ ላይ ነው። ቅዱሳት ሥዕላትን ለማሳመሪያ መደርደርም አልቀበለውም፤ ክብር ያለው ነገር ክብር ባለበት ቦታ ይቀመጥ። ለፊደል ትምህርት ትልቅ የፊደል ገበታ፣ ለሕግ ማብራሪያ ባዶ ግራጫና አንድ አትክልት ይበቃል። ጥቃቅን መስመር ያለው ጥለት ወይም ጥልፍ በካሜራ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሞገድ ስለሚያመጣ ከመሰቀሉ በፊት በስልክ ቢሞከር ጥሩ ነው። ክፍሉን እንዳለ መቅረጽም አደጋ አለው። በመስኮት የሚታይ የመንገድ ምልክት፣ ጠረጴዛ ላይ የቀረ ፖስታ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ሹራብ አድራሻ ይሰጣሉ። ስለ አገር ፖለቲካ ለሚናገርና እዚያ ቤተሰብ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መጋረጃ ይህንንም ይሸፍናል።

ዋናው ንግግሩ እንጂ ጀርባው አይደለም የሚሉም አሉ። ድምፅ ከምስል ይቀድማል፤ በዚህ አልከራከርም፤ አንድ ብር ብቻ ያለው ሰው ማይክሮፎን ይግዛበት። ነገር ግን በሚታጠፈው ባክግራውንድ ምስሉና ድምፁ ይገናኛሉ። ባዶ ቤዝመንት ያስተጋባል፤ ወፍራም ጨርቅ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ ሲሰቀል፣ በተለይም ሹል የሆነውን የድምፅ ክፍል ይውጣል። አራት ድርብ ሆኖ የሚሠራው ጋቢ ለዚህ በጣም ይመቻል፤ ከካሜራው ኋላ በሌላ ዘንግ ቢሰቀል የተናጋሪው ድምፅ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ተመልሶ አይመጣም።

የቀረው ጉዳይ ይህን ሁሉ እያንዳንዱ ለብቻው መግዛቱ ነው። በአንድ ቤት ያለው ስታንድና ሰሌዳ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ጥግ ላይ ይቆማል፤ ጎረቤቱም ያንኑ ይገዛል። ዕድር ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን በጋራ አስቀምጦ እንደሚያውስ፣ ቤተ ክርስቲያናትና ማኅበራት ሁለት የሰሌዳ ጥንድ፣ አንድ የ2.72 ሜትር ዘንግ፣ ሦስት የኤልኢዲ መብራትና አንድ ግራጫ ጨርቅ በጋራ ቢይዙ ብዙ ወጣት ያለ ዕዳ ይጀምራል። ኤልኢዲ ያልኩት እንደ ድሮው የስቱዲዮ አምፖል ጨርቅ አጠገብ ስለማይግል ነው። ዘንጉ አንድ ልክ ከሆነ የአንዱ ማኅበር ጨርቅ በሌላው ስታንድ ላይ ይሰቀላል። እንዲህ ከሆነ የሁሉም ቪዲዮ አንድ ዓይነት ይመስላል ብሎ የሚሰጋ ካለ፣ ያው ግራጫ ለአንዱ ጥቁር፣ ለሌላው ሰማያዊ ሆኖ ሊቀረጽ እንደሚችል ከላይ ስለ ርቀትና ስለ ባለቀለም ወረቀት የተባለው ያሳያል።