ፊቱ ያልታየው ተጫዋች

የሰውን መልክ ከቤት ውጭ በፀሐይ ብርሃን ማንሣት ከራሱ ከፎቶግራፍ ጥበብ ጋር የሚተካከል ዕድሜ አለው፤ የጎልፍ ተጫዋችም ከቀደምቶቹ ተነሺዎች አንዱ ነው። በ1843 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሠዓሊው ዴቪድ ኦክታቪየስ ሂል እና ወጣቱ ሮበርት አዳምሰን በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንበርግ፣ ካልተን ኮረብታ ላይ አብረው መሥራት ጀመሩ። የሚጠቀሙበት የወረቀት ኔጋቲቭ ብዙ ብርሃን ስለሚፈልግ፣ ቤት ውስጥ የተነሡ የሚመስሉት ምስሎቻቸው ሳይቀሩ ደጅ የተነሡ ነበሩ፤ ወንበሩም መጋረጃውም ወደ ፀሐይ ይወጣ ነበር።

ጎልፍ ግን ፈተና ሆነባቸው። አንድን ምስል ለመቅረጽ ተነሺው ለብዙ ሰከንዶች ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት፤ ዱላውን የሚወነጭፍ ሰው ደግሞ ለዓይን እንኳ አይያዝም። ስለዚህ ተጫዋቾቹ እንደ ሐውልት ቆመው ተነሡ። ሠዓሊው ቻርልስ ሊስ «ጎልፈኞቹ» የተሰኘውን የ1847 ሥዕሉን ሲሠራ፣ ሂልና አዳምሰን በሴንት አንድሩስ ባነሡት ፎቶግራፍ ተጠቅሟል። በሥዕሉ ላይ ኳሷ ወደ ጉድጓዱ ስትቃረብ ተመልካቹ አንገቱን አስግጎ ይከተላታል። ካሜራው መልክን ሰጠ፤ እንቅስቃሴን ግን የጨመረው ብሩሽ ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ ካሜራው ፈጥኖ ብሩሹን ደረሰበት። ይሁን እንጂ ምስልን የሚያሻሽለው ፍጥነት ብቻ እንዳልሆነ ያሳየው ሃይ ፔስኪን ነው። አሜሪካዊው ቤን ሆጋን በየካቲት 1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ዳሌውና ቁርጭምጭሚቱ ተሰባብሮ ነበር፤ ዳግመኛ መራመዱ እንኳ አጠራጣሪ ነበር። በሰኔ 1950 ግን በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በሜሪዮን ሜዳ በዩ.ኤስ. ኦፕን ተሰለፈ። በዚያች ቀን 36 ጉድጓዶችን መጫወት ነበረበት፤ ፔስኪን ያነሣው በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ነው።

የልማዱ ሕግ ግልጽ ነው፤ የባርኔጣው ጥላ ከፊቱ ይነሣ፣ ተነሺው ወደ ብርሃኑ ይዙር፣ ዓይኑ ይታይ። ፔስኪን ግን ከተጫዋቹ ኋላ ቆመ። የሚታየው ምቱን ፈጽሞ ዱላውን ከትከሻው በላይ ያሳረፈ ሰው ጀርባ፣ ከፊቱም የተዘረጋው ሜዳና ጥቅጥቅ ያለው ሕዝብ ነው። ፊት ባይኖርም መልክ አለ፤ ገና በእግሩ የሚሄደውን መንገድ ከእርሱ ጋር እናያለንና። ሆጋን በዚያ ጉድጓድ እኩል ወጣ፤ በማግስቱም በመለያ ጨዋታ ዋንጫውን ወሰደ።

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክኛ ሥሩ ሲተረጎም «የብርሃን ጽሕፈት» ማለት ነው። አማርኛችን ግን ፎቶ «ይነሣል» ይላል፤ ከወደቀበት የቆመውንም ሰው «ተነሣ» እንለዋለን። ስለዚያ የሜሪዮን ቀን ሁለቱም ፍቺዎች እውነት ናቸው፤ ሆጋን ተነሣ።